ቅቤ የጠጣው ግድግዳ

አክስቴ ተሻለች ሰው ቤት ስትገባ ሰላምታዋን ከግድግዳው ትጀምር ነበር። እውነቴን ነው! በሩን እንዳለፈች፣ «እንዴት ዋላችሁ» ከማለቷ በፊት መዳፏን ምርጊቱ ላይ ታሳርፋለች፤ በጣቷ አንጓ ኳ ኳ ታደርጋለች፤ አንዳንዴም ጎንበስ ብላ ታሸታለች። ባለቤቶቹ ግራ ገብቷቸው ሲያዩአት፣ «በዚህ በኩል ውኃ እየገባባችሁ ነው፤ ከክረምት በፊት አንድ በሉት» ትልና የሰው ጤና የምትጠይቀው ከዚያ በኋላ ነው። የሚቀየማት ግን አልነበረም። ቁመቷ አጭር፣ ሳቋ ከአጥር የሚያልፍ ሴት ነበረች፤ እንዲህ ያለውን ሰው ማን ይቀየማል?

ልጅ ሳለች ወሎ ውስጥ ከእናቷ የተማረችው ሙያ ግድግዳ ማሳመር ነው። ጭቃውን መርጎ፣ በእበት ለቅልቆ፣ በነጭ አፈር ማንጣት፤ ሲደርቅ ደግሞ በቀይ አፈርና በከሰል ዱቄት ሐረግ፣ አበባ፣ የወፍ እግር የመሰለ ነገር፣ ብቻ በዚያን ቀን ደስ ያላትን ሁሉ መሳል። በአገሯ ሰርግ ሲደርስ እሷን የማይጠራ አልነበረም። ከዚያ ድርቁ መጣና ሰርጉም ቀረ፣ ሰርገኛውም ተበተነ። እሷም ታናሽ እህቷን የዝናሽን፣ እናቴን ማለት ነው፣ እጇን ይዛ ከሰፋሪው ጋር መኪና ላይ ወጣች፤ አሶሳ ወረደች።

በሰፈራ አምባው ኑሮ በደወል ነበር። ጠዋት ደወል፣ ወደ ኅብረት እርሻ። ማታ ደወል፣ ወደ ጎጆ። ጎጆዎቹ ደግሞ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ በመስመር የተደረደሩ፣ ሰው ከእርሻ ደክሞት ሲመለስ የራሱ መስሎት የጎረቤቱ ቤት ገብቶ ጫማውን የሚያወልቅበት ነበር። አክስቴ ይህ ነገር አናደዳትና በመጣች ሰሞን የራሷን ጎጆ ከበሩ እስከ ጣሪያው ቀይ ሐረግ አለበሰችው። ከዚያ በኋላ የአምባው ሰው አድራሻውን ሲናገር «ከተሻለች ሐረግ ወዲህ»፣ «ከተሻለች ሐረግ ወዲያ» ማለት ጀመረ አሉ። ይህን እሷ አልነገረችኝም፤ የነገረችኝ እናቴ ናት። እሷማ ስትጠየቅ፣ «ቀለም ተርፎኝ ነው» ነበር የምትለው።

እኔ ያን ጊዜ አልተወለድኩም። የምነግራችሁን ነገር ግን እናቴም፣ አባቴም፣ አያቴም፣ ራሷ ተሻለችም በየፊናቸው ነግረውኛል፤ በየፊናቸው ሲነግሩኝ ደግሞ አራቱም እኩል ነው የሚስቁት። ስለዚህ አይቼዋለሁ ብል ውሸት አይሆንብኝም!

አባቴ ፈየራ ባምባሲ ገበያ ዳር የስፌት መኪናውን ዘርግቶ ልብስ የሚሰፋ ወጣት ነበር፤ ወገኑ ከወለጋ የመጣ። እናቴ አንድ የገበያ ቀን የይለፍ ወረቀቷን ይዛ ሄዳ ቀሚስ እንዲያሳጥርላት ሰጠችው። በሚቀጥለው ገበያ ስትመጣ ቀሚሱ አሁንም ረጅም ነው። «ውይ፣ ተሳስቼ!» አላት። በሚቀጥለው ደግሞ ወገቡ ሰፋ። በሚቀጥለው እጅጌው። አክስቴ ነገሩን ስትሰማ፣ «ይህ ልጅ ወይ ሙያ አይችልም፣ ወይ ከሚገባው በላይ ይችላል» አለች። በኋላ ሽማግሌ ተላከ፤ ነገሩም ተቆረጠ፤ ሰርጉ በሰባ ሦስት ዓመተ ምሕረት ጥር ላይ እንዲሆን ተባለ።

እዚህ ላይ ነው የአክስቴ ጭንቅ የጀመረው። ባምባሲ ገበያ ቆማ ቃሪያ ስትመርጥ፣ ከኋላዋ ሁለት የሙሽራው ዘመድ ሴቶች ሲያወሩ ሰማች።

«የሰፋሪ ልጅ ነው የሚያገባው አሉ።»

«ምን ይዛ ልትመጣ? የእርዳታ ስንዴ?»

አክስቴ ዞር አለች። «ግድግዳ» አለቻቸው።

«ምን?»

«ግድግዳ ይዛ ነው የምትመጣ። በዓይናችሁ ታዩታላችሁ» አለችና ቃሪያዋን ይዛ ሄደች።

ሴቶቹ ያበደች መስሏቸው ነበር። እሷ ግን የምሯን ነው። ከብት የለን፣ ሳጥን ሙሉ ልብስ የለን፣ ከኋላችን ቆሞ የሚቆጠር ዘመድ የለን። የእኛ ወገን በዚያ ቤት ሊያኖር የሚችለው ነገር ቢኖር የተሻለች እጅ ነው። የሙሽሮቹ ክፍል አምሮ ከታየ የእናቴ አገባብ የክብር ይሆናል፤ ካልሆነ «ምን ይዛ መጣች» የሚለው ነገር ዕድሜ ልኳን አይለቃትም። አክስቴ በልቧ የያዘችው ይህንን ነበር።

መጀመሪያ ፈቃድ ያስፈልጋል። ወደ አምባው ሊቀመንበር ሄደች።

«ግድግዳ ለማጠብ ነው ከሥራ ልቅር የምትይው?» አላት።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ግድግዳው ገና አልነቃም። አንቅቼው እመለሳለሁ።»

ሊቀመንበሩ ሊስቅ ቃጣው፤ የሚስቅበት ቦታ ግን አልነበረምና ወረቀቱን ፈርሞ ሰጣት።

ባምባሲ ደርሳ አባቴ የተከራየውን ክፍል ስታይ ግድግዳውን ሰላም ልትል የዘረጋችውን መዳፍ መልሳ ሰበሰበች። ለካ ቤቱ ቀድሞ ለመንገድ ሾፌሮች ብስኩት የሚጠበስበት ቤት ኖሯል! ባለመጥበሻዋ ሴት አሶሳ ገብታ የኑግ ዘይቱን ጭስ እዚያው ግድግዳው ላይ ጥላው ሄዳለች። ከምድጃው በላይ ያለው ምርጊት እንደ ተወለወለ ጫማ ያበራል። ፀሐይ ጣሪያውን ስታግለው ግድግዳው ያልበዋል፤ ዝንብ ሲያርፍበት ይጣበቃል።

«እዚህ ቤት እንዲኖር የተፈለገው ሰው ነው ወይስ ብስኩት?» አለች።

«እትዬ፣ እኔኮ ኖራ ቀብቼዋለሁ» አለ አባቴ፣ እንደ መኩራት ብሎ።

«አንተስ ቀብተኸዋል፤ እሱ መች ተቀበለህ?» ብላ በጥፍሯ ጫፍ ጫር ስታደርገው ኖራው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተልጦ መሬት ወረደ። ከሥሩ ያው ቢጫና ጥቁር ቅባት ነው። «ይኸው፣ ቀሚሱን አወለቀልህ። ደግሞ ልክ አልለካህለትም እንዴ?»

አባቴ እስከ ጆሮው ቀላ። የቀሚሱ ነገር እንደ ታወቀበት ያን ጊዜ ነው የገባው።

አክስቴ ጣቷን ውኃ ውስጥ ነክራ ግድግዳው ላይ እርጭ አደረገች። ጠብታዎቹ እንደ ጨሌ ተንከባለው ወረዱ። «አየህ? ውኃውን አይጠጣም። ቅባት የጠገበ ግድግዳ ሌላ ነገር አይጠጣም። ውኃ እስኪጠጣልኝ ድረስ እኔ ቀለም አላሳየውም።»

እንግዲህ አሁን ሥራውን ልንገራችሁ፤ ይህን ሳልነግራችሁ ባልፍ ራሷ ከመቃብር ተነሥታ ትቆጣኛለች! መጀመሪያ ደረቁን ጥላሸት በረጅም ቀርከሃ ላይ በታሰረ ቅጠል ከጣሪያው ጀምራ አራገፈች፤ ጥላሸት ከረጠበ ቀለም ይሆናልና ውኃ ሳይነካው መውጣት አለበት። ቀጥላ የወፈረውን ቅባት በአሮጌ ቢላዋ ፋቀችው። ከዚያ በወንፊት የተነፋ አመድ በጥቂት ውኃ ለውሳ፣ እንደ ምርጊት አድርጋ በሙሉ ለጠፈችው። አመዱ ሲደርቅ ቅባቱን እየሳበ ነው የሚደርቀው። በማግስቱ ሲያራግፉት ነጭ የነበረው አመድ እንደ ቆሎ ቡናማ ሆኖ ወረደ።

ቀጥሎ እንዶድ። ቀጥቅጣ፣ በሙቅ ውኃ መትታ፣ አረፋው ከገንዳው ሲገነፍል አባቴን ጨርቅ አስያዘችው። አባቴ ወንበር ላይ ወጣና ከጣሪያው ሥር ማሸት ጀመረ።

«ከታች! ኧረ ከታች ጀምር!»

«እትዬ፣ ውኃ ወደ ታች አይደለም እንዴ የሚወርደው?»

«ለዚያ ነዋ! ከላይ ከጀመርክ የቆሸሸው ውኃ ደረቁ ላይ ይወርድና መስመር መስመር ይሠራል፤ እሱን መስመር ደግሞ አባቱም አያጠፋው። ታች አስቀድሞ ከረጠበ ከላይ የሚመጣው ሁሉ ተንሸራትቶ ያልፋል። ጨርቁንም ጭመቀው! ጭቃ እኮ ነው፤ ካራስከው ይፈርስብሃል።»

እናቴ በበሩ በኩል ይህን እያየች ትስቅ ነበር። ሙሽራ ናትና ወደ ክፍሉ መግባት አይፈቀድላትም፤ ገንዳ ማቀበል ግን ማንም አልከለከላት።

ከምድጃው በላይ ያለው ቦታ አመዱም እንዶዱም አላሸነፈውም። ዘይቱ ምርጊቱ ውስጥ እስካለው ቀርከሃ ዘልቋል። አክስቴ እሱን በዶማ ፈልፍላ ጣለችውና በጭድ በተረገጠ አዲስ ጭቃ መረገችው። በመጨረሻ መላውን ግድግዳ በጥሩ ውኃ አለቅልቃ፣ በሩን በርግዳ የጥርን ነፋስ አስገባች። ሲደርቅ እንደገና ውኃ እርጭ። ጠብታዎቹ ከመንከባለል ፋንታ ባረፉበት ጠቆር አሉና ጠፉ። ጠጣ! ከዳር እስከ ዳር ጠጣ! ያኔ እበቱን ለቀለቀች፤ አባቴንም «እንዳትነካው፣ እንዳትደገፈው፣ እንዳታስነጥስበት» ብላ፣ ነጭ አፈር ልታመጣ እናቴን አስከትላ ወደ አምባው ሄደች።

በማግስቱ ቀትር ላይ የአፈሩን ጆንያ ተሸክማ ከእናቴ ጋር ስትመለስ አባቴ መንገድ ላይ ቆሞ ሲጠብቃት አገኘችው። ፊቱ አመድ መስሏል።

«እትዬ፣ እናቴ መጥታ ነበር።»

«እንኳን መጡ!»

«ክፍሉን አየችው።»

«ይዩት እንጂ! ወደዱት?»

«በጣም። እንዲያውም... መርቃው ሄደች።»

«እሰይ! የእናት ምርቃት የመሰለ ምን አለ?»

«በቅቤ ነው የመረቀችው፣ እትዬ።»

አክስቴ ጆንያውን አወረደች። «ማንን?»

«ግድግዳውን።»

የአባቴ እናት አያቴ ደጊቱ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ቃል ቆጥባ የምትናገር ሴት ናት። በእሷ ቤት ወግ ልጅ ጎጆ ሲወጣ የሙሽራው እናት ለጋ ቅቤና እርጥብ ሳር ይዛ ትመጣለች፤ የቤቱን ግድግዳ በመዳፏ እየቀባች፣ «ለምልሙ፣ ይሙላላችሁ» ትላለች። እሷም እንዲሁ አደረገች። ደግሞ ልጇ ግድግዳውን እንዲህ አጽድቶ ሲጠብቃት፣ «ለእኔ ምርቃት ነው ያሰናዳው» ብላ ልቧ ሞቆ፣ ቅቤውንም አልሰሰተችም። በአራቱም ማዕዘን፣ በራስጌ፣ በግርጌ፣ አምስት ጣቷን ዘርግታ ጥፍጥፍ! አክስቴ በሩ ላይ ስትቆም ቅቤው በቀትሩ ሙቀት ቀልጦ ከየመዳፉ ሥር ወደ መሬት ሲወርድ ነበር፤ የሳሩ ዘለላም እዚያው ተለጥፎ።

አባቴ፣ «ሳቀች» ይላል። እናቴ፣ «አልሳቀችም፣ አልተናገረችም፤ ያን ቀን ብቻ ነው ዝም ስትል ያየኋት» ትላለች። እኔ የማምነው እናቴን ነው።

«ታዲያ ለምን በአመድ አትስቢውም? ገና ትኩስ ነው» አለች እናቴ።

አባቴ ዘለለ። «አመድ? በእናቴ ምርቃት ላይ አመድ? እትዬ፣ በእኛ ቤት ምርቃት ላይ አመድ የሚያሳርፍ የሚራገም ሰው ነው! እናቴ ያን ብታይ ሰርጉ ላይ አትቆምም።»

«እንዲያው በላዩ ነጩን ብንቀባስ?» አለች እናቴ።

«ሰርገኛው ሳይነሣ ተልጦ ይወርዳል» አለች አክስቴ። «ያኔ ምን እንደሚባል እኔ አውቃለሁ።»

ቁጭ ብላ ግድግዳውን አየችው፤ ከዚያ ዓይኗን ወደ ታች አወረደች። ክፍሉ ውስጥ መደብ ገና አልተሠራም፤ የሙሽሮቹ መኝታ የሚሆነው የጭቃ መደብ ማለቴ ነው። ብድግ አለች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ «የእናትህን ቤት አሳየኝ» አለችው።

አያቴ ደጊቱ በሯ ላይ ማሽላ ትለቅም ነበር። አማርኛዋ ከኦሮምኛው ጋር ተቃቅፎ ነው የሚሄደው፤ ሴቱን ወንድ፣ ወንዱን ሴት ማድረግም ትወዳለች።

«ና፣ ና ግባ፣ ኢንታላ ኮ!» አለቻት፣ ልጄ ማለቷ ነው። «ቤቱን አየሁት። በጣም ቆንጆ ናት።»

«እማማ ደጊቱ፣ ስለ ቤቱ ነው የመጣሁት። ይቆጡኝ ይሆናል።»

«ለምን?»

አክስቴ እውነቱን ነገረቻት። ቀለም ቅቤ ባለበት እንደማይይዝ፣ ውኃው እንደሚንከባለል፣ ሰርጉ እንደ ደረሰ። አያቴ ሰፌዱን ከጭኗ ላይ አወረደችው።

«እኔ ምርቃት ሰጠሁ፤ አንቺ ቅባት ነው አልሽ?»

«ቅቤውማ ግሩም ቅቤ ነው እማማ። ተራ ቢሆን ግድግዳው እንዲህ አይጠጣውም ነበር።»

«ታዲያ ምን ላድርግ? መልሼ ልውሰደው?»

«አይውሰዱት! እኔ የምፈራው ማንም እንዳይወስደው ነው። ግድግዳ ላይ ከተወነው ዛሬ ሰርገኛው ይደገፈዋል፣ ነገ ልጅ ይቧጥጠዋል፣ ከርሞ ምርጊቱ ሲታደስ ፈርሶ ይጣላል። እስቲ እርስዎ ይንገሩኝ፤ ምርቃት ሰው የሚያየው ይሻላል ወይስ ልጆቹ የሚተኙበት?»

አያቴ ሰፌዱ ላይ የቀረውን ማሽላ በጣቷ አገላበጠች።

«የቀቡትን ምርጊት ፍቀን፣ መሬት ሳይወድቅ፣ በመደቡ ጭቃ ውስጥ እንርገጠው። ምርቃቱ ከሥራቸው ይሁን፤ ሲተኙም ሲነሡም እላዩ ላይ ናቸው። ከቤትም አይወጣ፣ አይጣልም።»

 በአያቴ ከንፈር ጫፍ ላይ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። «አንተ ሰፋሪ» አለች፣ «ቅቤ የጠጣው ግድግዳው አይደለም፤ ምላስህ ነው።»

«እርስዎ ያሉት ይሁን!»

«አመድ አይነካውም።»

«አይነካውም።»

«የሚፍቀውም እኔ ነኝ። የሌላ ሰው ቢላዋ አይነካውም።»

በማግስቱ አያቴ የራሷን ቢላዋ ይዛ፣ እጅጌዋን ሰብስባ፣ ወገቧን ታጥቃ መጣች። የገዛ መዳፏን ምልክት አንድ በአንድ ከነቅቤው፣ ከነሳሩ እየፋቀች በኮባ ቅጠል ላይ ስታስቀምጠው ሕፃን የምታስተኛ ነው የምትመስል። አክስቴ ከኋላ ከኋላዋ እየተከተለች የተፋቀውን ቦታ ትነካካለች፤ ቅቤ የዘለቀበት እስኪያልቅ ታስፍቃታለች።

«እዚህ ጋ ትንሽ ቀርቷል፣ እማማ።»

«የለም።»

«ይሽተቱት።»

አያቴ አሸተተች። «አዎ፣ አለች» አለችና ፋቀች። ከዚያ በኋላማ ራሷ ሳትጠየቅ እያሸተተች ትፍቅ ጀመር!

ጭቃው ጉድጓድ ውስጥ ተዘጋጅቶ ነበር። ፍቃፊውን ጨመሩትና ሁለቱ ሴቶች ጫማቸውን አውልቀው፣ ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው ይረግጡት ጀመር። አክስቴ ሁሉን አስባ አንድ ነገር ረስታለች፦ ቅቤ ያለበት ጭቃ ያንሸራትታል። አያቴ መጀመሪያ አንድ እግሯ ሄደ፤ እሱን ልትመልስ ሌላው ሄደ፤ የያዘችውን ትከሻ አልለቅ ብላ አክስቴንም ይዛት ጭቃው ውስጥ ቁጭ! አባቴ ድምፁን ሰምቶ ሮጦ ሲመጣ፣ ዕድሜዋን ሙሉ በቁጥብነት የምትታወቀው እናቱ እስከ ጡቷ ጭቃ ሆና፣ ዓይኗ እንባ እስኪያቀርር ትስቃለች። ሊያነሣት እጁን ሲዘረጋላት፣ «ሂድ! ሥራ ላይ ነን!» አለችው።

መደቡ በዚያው ቀን ተሠራ። ቅቤው ገብቶበት ነው መሰለኝ ሲለሰልስ እንደ ሸክላ አበራ፤ እኔ ራሴ የተወለድኩት በእሱ ላይ ነው።

አሁን የቀረው ግድግዳው ነው። የተፋቀው ሁሉ በአዲስ ጭቃ ተሞልቷል፤ ቀኑ ደግሞ ተቃርቧል። አባቴ እሳት ሊያነድ ሲነሣ አክስቴ ጮኸችበት፤ ጭስ ከገባ ጥላሸቱ እንደገና ሊጀምር ነው። አያቴ ከቤቷ ጭስ የሌለው ፍም በሸክላ አምጥታ፣ እርጥቡን ቦታ ተከትላ እያዞረች አሞቀችው። አክስቴ «ይበቃል» ስትል ውኃ የረጨችው አያቴ ናት። ጠብታዎቹ አረፉ፣ ጠቆሩ፣ ጠፉ።

«ጠጣች! ጠጣች!» አለች አያቴ፣ የታመመች ጥጃ ወተት እንደ ጀመረችላት ሁሉ።

ከዚያ ነጩ አፈር ተቀባ፤ እንደ እርጎ ያለ ንጣት። ሲደርቅም አክስቴ ጫፉ የተቀጠቀጠ የቀርከሃ ስንጥር በቀይ አፈር ነክራ ሐረጓን ከበሩ ጀመረች። ሐረጉ በራስጌው ዞረ፣ በመስኮቱ ላይ ወጣ፣ ቅጠል አወጣ፣ አበባ አወጣ። አያቴ አዲሱ መደብ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ስትከታተል ቆይታ፣

«ላምስ?» አለች።

«ምን ላም?»

«ላም የሌለበት ቤት ምን ቤት ናት?»

አክስቴ በዕድሜዋ ላም ስላ አታውቅም። ቢሆንም እምቢ የሚባል ነገር አልነበረምና ከሐረጉ ሥር አንድ እንስሳ አቆመች።

አያቴ ራሷን ዘንበል አድርጋ አየች። «ፍየል ነው።»

«ጥጃ ናት እማማ። ገና ታድጋለች።»

የሰርጉ ቀን ሙሽሮቹ ገቡ። እናቴ መደቡ ላይ ተቀምጣ ሻሿ ሲገለጥ የክፍሉ ንጣት ፊቷ ላይ አበራ፤ «ከቀሚሴ ይልቅ ግድግዳው ነበር ያማረብኝ» ትላለች እስከ ዛሬ። አክስቴ ጥግ ላይ ቆማ የምታየው ሙሽራዋን ሳይሆን የሰርገኛውን ዓይን ነው። ዓይኖቹ ይገባሉ፣ ሐረጉን ይይዛሉ፣ ተከትለውት ክፍሉን ይዞራሉ። አንዳንዱ እጁን ሰዶ ለመንካት ይቃጣዋል።

የባምባሲ ሴቶች ለሰርግ ጸጉራቸውን ተሠርተው፣ ቅቤ ተቀብተው ነው የመጡት። ክፍሉ ጠባብ ነው። ያቺ ገበያ ላይ «ምን ይዛ ልትመጣ?» ያለችው ዘመድም ገብታ፣ ቦታ አግኝታ፣ እፎይ ብላ ወደ ኋላ ልትደገፍ ስትል፣ «ተይ!» የሚል ጩኸት ቤቱን አናወጠው።

አያቴ ደጊቱ ናት። ብድግ ብላ፣ እጆቿን ግራና ቀኝ ዘርግታ፣ በሴትየዋና በግድግዳው መካከል ቆማለች።

«ጸጉርሽ! ቅቤ ነሽ! ይህቺ ግድግዳ ቅቤ አትፈልግም!»

«ውይ ደጊቱ፣ ግድግዳ እኮ ነው!»

«ግድግዳ አይደለም» አለች አያቴ፣ ሰርገኛው ሁሉ እንዲሰማ። «ምራቴ ይዛ የመጣችው ነው። አማቶቼ ያመጡት ነው። የእናንተ ልጆች ስትድሩ እንዲህ ያለ ነገር ይዘው ሄዱ?»

 አክስቴ ጥግ ላይ ሆና ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች፤ ሳቅ ይሁን ሌላ ነገር የዚያን ጊዜ ያወቀ የለም። ሴትየዋም ቀስ ብላ ቀና አለችና ወደ ፊት ፈቀቅ አለች፤ ያዩአት ሁሉ እንዲሁ አደረጉ። ሰርገኛው በሙሉ መሐል ወለሉ ላይ ጉልበት ለጉልበት ተጠጋግቶ ተቀመጠ፤ ምግቡም እዚያው መሐል ቀረበ፤ እልልታውም፣ ጭፈራውም እዚያው መሐል ሆነ፤ እስኪመሽ ድረስ በዚያ ቤት ጀርባውን ያሳረፈ አንድም ሰው አልነበረም።